በበግ ዓመት ለተወለዱት እናት ስለተሾመላቸው ሞግዚት

ለተከበሩ አቶ ኤሴንቱር ማምቤቶቪች
የወረዳው የአረጋውያን ክብካቤ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ታሽ-ቡላክ

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ይልቁንም የማስታወስ ችሎታዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን የመጨረሻውን የምመኝልዎ ለወግ ያህል አይደለም፤ ከጽሕፈት ቤትዎ እንደተማርኩት እሱ ጎደለው የተባለ ሰው ቤቱም ድምፁም አብረው ይጎድሉበታልና።

እኔ አውቶቡስ ማቆሚያው ፊት የተቆላ የሱፍ ፍሬ የምሸጠው ጃምጊርጉል ነኝ። ፍሬውን የምጠቀልለው በአሮጌ ጋዜጣ ስለሆነ፣ ከመጠቅለሌ በፊት ቁራጩን ሁሉ አነባለሁ። ባለፈው ሳምንት የእርስዎን ንግግር አገኘሁ። በዋና ከተማው ስለ አረጋውያን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ሲመከር ተነስተው፣ «እኛ ዘንድ ሽማግሌና አሮጊት ቶር ላይ ይቀመጣሉ። ቶር ያለው ሕዝብ ሌላ አገር የተጻፈ ሕግ ምን ያደርግለታል?» ብለዋል። እንደተጨበጨበልዎም በቅንፍ ተጽፏል። ቶር ያሉት በየቤታችን ከበሩ ትይዩ፣ ከበሩም እጅግ ርቆ ያለውን የክብር ቦታ ነው። ንግግሩን ሁለት ጊዜ ካነበብኩት በኋላ ፍሬ ልጠቀልልበት አልጨከንኩም፤ አጥፌ አስቀመጥኩት።

ያስቀመጥኩበት ምክንያት፣ ከዚሁ ጽሕፈት ቤትዎ በወጣ ወረቀት መንደሩ ሁሉ «አፓ»፣ እናት፣ የሚላቸው ጎረቤቴ ሱዩንቡቡ አፓ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ሞግዚት ስለተሾመላቸው ነው። ሐሙስ በሚደረገው ስብሰባ ወረቀቱ ከጸደቀ፣ ሞግዚት የተባለው የወንድማቸው ልጅ ኤርኒስ ቤታቸውንና በእጃቸው የተከሏቸውን አሥራ አራት የአፕሪኮት ዛፎች ለሌላ ሰው ያስተላልፋል፤ እሳቸውም ከተራራው ማዶ ወዳለው የአረጋውያን ማደሪያ ይወሰዳሉ። እሳቸው ግን መሄድ አይፈልጉም። ይህን የጠየቃቸው ባለመኖሩ ነው እኔ የምጽፍልዎ።

ምስጋናዬና ቅሬታዬ ስለተቀላቀሉብኝ በተራ ቁጥር ላስቀምጣቸው።

፩. በአረጋውያን ቀን ከሕዝብ ፊት በገዛ እጅዎ የሱፍ ሻርፕ ስላለበሷቸው ምስጋናዬ ከልብ ነው። ፎቶግራፉ ላይ ሁለታችሁም አምሮባችኋል። የሞግዚቱ ወረቀት የመጣው በሦስተኛው ቀን ስለሆነ፣ ሻርፑ ገና አልቆሸሸም ነበር።

፪. የማስተዋል ችሎታቸውን እንዲመረምር ሐኪም መላክዎም ትልቅ ውለታ ነው፤ አምና ጉልበታቸው ሲያብጥ ሐኪም ጠፍቶ ነበር። ምርመራው ሲደረግ ሻይ እየቀዳሁ እዚያው ነበርኩ። ሐኪሙ «አፓ፣ መቼ ተወለዱ?» ሲላቸው «በበግ ዓመት» አሉት። «እሱን አይደለም፣ ቁጥሩን ይንገሩኝ» ቢላቸው፣ «በጉን ነግሬሃለሁ፤ ቀሪውን አንተ ቁጠር እንጂ። ተምረህ የለ?» አሉት። የሐኪሙ እናት የልጇን ዕድሜ የምትቆጥረው እንደዚሁ በአሥራ ሁለት እንስሳት ስም በየተራ በሚዞረው ዓመት ለመሆኑ በሱፌ እወራረዳለሁ። ቅጹ ላይ ግን የነበረው የአራት አኃዝ ባዶ ቦታ ብቻ ስለሆነ በግ የሚገባበት ጠፋ። «የተወለዱበትን ዓመት መናገር አይችሉም» ተብሎ ተጻፈ። ሐኪሙ ሻይውን ጠጥቶ፣ የአፕሪኮቱን ማር አወድሶ ሄደ።

፫. ለሐሙሱ ስብሰባ ያልጠሯቸው «እንዳይደክሙ» ብለው መሆኑን ጸሐፊዎ ነግራኛለች። እንዲህ ያለውን ርኅራኄ እንዴት ብዬ ላመስግን? ከቤት የሚያስወጣቸውን ጉዳይ ለመስማት መንገድ ይደክማቸዋል፤ ከቤት ወጥቶ ተራራ መሻገር ግን አይደክማቸውም ማለት ነው። ኤርኒስንም ጠይቄው ነበር። «ኤጄ፣ ታላቅ እህቴ፣ አንቺ ሱፍሽን ቁዪ። ሕግ የሚቆላ ነገር አይደለም» አለኝ። እኔም ያልበሰለ ነገር ስቀምስ እንደማውቅ ነገርኩት።

፬. ወደ ንግግርዎ ልመለስ። ካነበብኳቸው ቁርጥራጮች እንደተረዳሁት፣ አገሮች ተስማምተው ለሕፃናት የጻፉት ሕግ አለ፤ ለሴቶች አለ፤ አካል ጉዳት ላለባቸውም አለ። ለአረጋውያን ብቻ የሚሆነው ገና ይጻፍ አይጻፍ፣ እንዴት ይጻፍ እየተባለ ነው። ስለዚህ ሱዩንቡቡ አፓ ሕፃን ቢሆኑ ኖሮ ሐሳባቸውን ይሰሙ ዘንድ የሚያስገድድዎ ወረቀት ነበር። ስላረጁ ቶር አለላቸው። በቶር ላይ ቂም የለኝም፤ እናቴም እዚያው ተቀምጣ ነው የሞተችው። ነገር ግን ቶርን የሚሰጠው ባለቤቱ ነው፤ «ይነሱ» ሲባል ማን ዘንድ ይከሰሳል? እኔ የምፈልገው አስቀማጩ ደስ ባይለውም የማይነሳ ነገር ነው። ሌላ አገር ይጻፍ፣ ጨረቃ ላይ ይጻፍ፣ «ሰውየውን ሳትጠይቁ በሰውየው አትፍረዱ» የሚል ከሆነ እኔ ተርጉሜ በሱፍ መጠቅለያዬ ሁሉ ላይ እጽፈዋለሁ።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ሱዩንቡቡ አፓ ራሳቸው ስላሉት ይበቃል ብዬ ተውኩት። የሞግዚቱን ነገር እንዴት ሳይሰሙ እንደቀሩ ስጠይቃቸው፣ «ጆሮዬ ምንም አልሆነ፤ መቀመጫዬ ነው የራቀው። ሰዎቹ የሚፈራረሙት በር ላይ ነው» ነበር ያሉኝ።

ስለዚህ ሐሙስ ይመጣሉ። የጎረቤቱ ሴቶች በሙሉ አብረናቸው ነን። ቶር እንዳያዘጋጁላቸው በትሕትና እለምናለሁ፤ እንደ ትንሽ ምራት ከበሩ ሥር ይቀመጣሉ፤ ወረቀት ይዞ የሚገባም የሚወጣም በጉልበታቸው ላይ ተረማምዶ ይለፍ። ሲጠየቁ ይመልሳሉ። ካልተጠየቁም ይመልሳሉ።

የጽሕፈት ቤትዎ በር ሁልጊዜ ክፍት እንዲሆን፣ ወንበርዎም እንደ ዘንድሮው እንዲመችዎ እየተመኘሁ፣ ከተለበሰው ሻርፕ እስከ ቀረው ጥሪ ድረስ ላደረጉልን ሁሉ እጅ እነሳለሁ።

ሁልጊዜ አክባሪዎ፣
ጃምጊርጉል፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው

ማስታወሻ፦ ባለፈው የጸደይ ወር፣ ደራሹ ጎርፍ የመዝገብ ቤቱን ሰነድ ከወሰደው በኋላ፣ የልደት ወረቀትዎን በምስክር ለማስወጣት ካራሜላ ይዘው ሱዩንቡቡ አፓ ዘንድ መምጣትዎን ያስታውሳሉ ብዬ እገምታለሁ። በተወለዱ በአርባኛው ቀን፣ እንደ ወጋችን፣ በአርባ ማንኪያ ውሃ ያጠቡዎት እሳቸው ስለሆኑ፣ ከእሳቸው የተሻለ ምስክር አልነበረዎትም። «በአይጥ ዓመት፣ አፕሪኮቱ ባበበ በአሥራ አንደኛው ቀን ተወለደ» ብለው ፈረሙልዎ፤ መሥሪያ ቤቱም ያለአንዳች ጥያቄ አይጧን ወደ አኃዝ ለውጦ ማኅተም አደረገበት። እንግዲህ በእንስሳት የሚቆጥሩ አሮጊት ዓመት አያውቁም የሚለው ውሳኔዎ ሐሙስ ከጸደቀ፣ ዓርብ ጠዋት ሥራ ከመግባትዎ በፊት መወለድዎን ቢያጣሩ መልካም ነው።