ትዕግሥት ያጣው ሞተር

ነቀምት፣ መጋቢት 1978 ዓ.ም.

ውድ ድርቤ፣

አካም ጅርታ? ደህና ነሽ ወይ ብዬ መቀጠል ነበረብኝ። ግን አንገር ጉቲን ሰፈራ ጣቢያ እንድትጣይ ያደረግሁሽ ሰው ራሴ ሆኜ "ቆላው ተስማማሽ ወይ? ወባውስ?" ብል፣ የሰው ቤት አቃጥሎ "ሞቃችሁ?" ብሎ እንደ መጠየቅ ይሆንብኛል። ስለዚህ ሰላምታዬን እዚህ ላይ በአጭሩ ቀጭቻታለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ገቢሳ ነው፤ የመንግሥት እርሻው የጭነት መኪና ሾፌር። በፖስታ ያልላክሁት አንባቢ እንዳይበዛበት ነው። ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ጨምሪው።

ያንን ክፍልሽን አስታውሳለሁ፤ ፈረንጁ ሐኪም አገሩ ሲገባ ትቶልሽ የሄደው ቴሌስኮፕ እንደ ሙሽራ መሐል ቆሞ፣ አንቺ መሬት ላይ ተቀምጠሽ ሽቦ ስትበይጂ፣ እኔ ወንበሩን ይዤ ምክር ስሰጥ። ጅራታሟን ኮከብ ፎቶ ላነሳ ብለሽ ካሜራውን ከኋላው አሰርሽበት። ኮከብ ጠርታ እንድትታይ ካሜራውን የያዘችውን ቱቦ በፀጉር ስፋት ያህል ማስገባትና ማውጣት ያስፈልጋል፤ በእጅሽ ስትነኪያት ግን ሰማዩ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ይሄኔ ነው እጅ የማይነካው፣ ራሱ የሚያጠራ ማሽን እሠራለሁ ብለሽ የተነሣሽው። ባለሱቁ ፈድሉ ከጓዳው አንድ የተበላሸ ቴፕ ጎትቶ አወጣልን።

"ይሄ ሞቷል፤ ሞተሩ ግን ነፍስ አለው" አለ። "ነፍሱን ውሰዱና ሬሳውን መልሱልኝ፤ ለመስኮት ያምራል።"

ሞተሩ ከግድግዳ ሰዓት በወጡ ጥርሶች አማካይነት ቱቦዋን ቀስ አድርጎ ይገፋል። ከአሮጌ የካሜራ ብርሃን መለኪያ የነቀልሽው ዓይን ደግሞ በመርፌ ቀዳዳ የኮከቧን ብርሃን ያያል። ብርሃኑ ሲጨምር ሞተሩ ይገፋል፤ መቀነስ ሲጀምር አለፍኩት ብሎ ይመለሳል። "ካላለፈው ቦታውን አያውቀውም" ብለሽ አስረዳሽኝ። ችግሩ መመለሱ ላይ ነበር። ወደ ኋላ ሲዞር በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት እስኪሞላ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ቱቦዋ ንቅንቅ አትልም። ማሽኑ ለውጥ ሲያጣ ተስፋ ቆርጦ ይቆማል። እኔ ደግሞ ከማሽኑ ቀድሜ ተስፋ እቆርጥና ማጥፊያውን እጫናለሁ።

"ሂንቱቂን! አትንካው አልኩህ እኮ!" እጄን በጥፊ።

"ተበላሽቷል ድርቤ፤ ዝም ብሎ ነው የሚያጉረመርመው።"

"እየሠራ ነው። አንተ ያልታየህ ነገር ሁሉ የቆመ ይመስልሃል።"

ለማሽኑ መፍትሔ አገኘሽ፤ ለእኔ ነው ያላገኘሽው። ከፈድሉ ቴፕ ውስጥ ከበሮ የምትመስል፣ ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም አንዲት ትንሽ ኮንደንሰር ነቅለሽ "ይቺን ስንበይድበት ትንሽ መታገሥ ይማራል" አልሽ። ሳትበይጃት ሰኞ መጣ።

የሰኞው የውይይት ክበብ ሂስና ግለ ሂስ ያኔ እንዴት ጥፋት እንደ ጤፍ ተወዶበት እንደ ነበር መቼም አልረሳሽውም። መምህር ጉሉማ የሚናዘዘው ነገር እንዲኖረው ሆን ብሎ እየዘገየ ይመጣ ነበር። በቀለች "እንቅልፍ እወዳለሁ" የምትለውን ጥፋቷን ደጋግማ ብታቀርብ፣ ሊቀ መንበሩ ጓድ ጨመዳ "ይሄንን ሰምተነዋል፤ አዲስ አምጪ" ብለው መለሱባት። የእኔም ጎተራ ባዶ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ያችን የምትጠያትን የሰባኪ ድምፄን አውጥቼ ተነሣሁ።

"ጓዶች! ዛሬ ጓድ ድርቤን እሄሳለሁ። ጓድ ድርቤ ማንም ሳይመራው፣ ሰፊው ሕዝብ እጁን ሳያሳርፍበት የሚሠራ ማሽን ሠርታለች! መመሪያ አይጠብቅም። መንገዱን ሲስት ስህተቱን ራሱ ያያል፣ ራሱ ይመለሳል። ግለ ሂስ ያደርጋል ጓዶች! ያውም ያለ ስብሰባ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንቺም በሹራብሽ ጫፍ አፍሽን ሸፍነሽ ሳቅሽ። ጓድ ጨመዳም ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን እንደ ኮት አወለቁት።

"ራሱ ይንቀሳቀሳል ነው የምትሉኝ?"

"አዎ ጓድ" አልሽ።

"ወዴት ነው የሚያየው?"

"ወደ ላይ።"

"ላይ ማን አለ?"

ግማሹ ሰው ከእናቱ ጋር መዝሙር እየዘመረ ባደገበት ክፍል ውስጥ ይህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነበረው፤ የሚመልሰው ግን ጠፋ። አንቺ ዞረሽ አየሽኝ። "ቀልድ ነው ጓድ ሊቀ መንበር" ማለት ነበረብኝ። ከጠዋት እስከ ማታ የማይዘጋው አፌ ያኔ ተዘጋ። ፈርቼ ነው ብልሽ ግማሹን ደበቅሁሽ። ሳቁ ጣፍጦኝ ነበር ድርቤ፤ በገዛ እጄ ላፈርሰው ሳሳሁለት።

ቴሌስኮፑ ቀበሌ መጋዘን ገባ። በሚቀጥለው ሰኞ "ለሰፋሪው ወገናችን ብርቱ መምህር ያስፈልጋል" ተባለና ስምሽ ተነበበ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ሳታዪኝ አልቀረሽም።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ አንድ ሰኞ ተነሣሁና ያለ ሰባኪ ድምፅ ተናገርኩ። "ጓዶች፣ ያ ዕቃ ፎቶ ማንሻ ነው። እኔ ለሳቅ ብዬ ንጹሕ ሰው አስጎዳሁ።" ጉሉማ በሳቅ ፈነዳ። በቀለች "ከበፊቱ ይበልጣል!" እያለች እንባዋን ጠረገች። ጓድ ጨመዳ ሳይቀሩ ጉልበታቸውን መቱ። በሕይወቴ ያን ያህል እውነት ተናግሬ አላውቅም፤ ያን ያህል አስቄም አላውቅም።

በማግስቱ ጓድ ጨመዳ ቢሮ ገባሁና አንገር ጉቲን ልዛወር አልኳቸው።

"ጠጥተሃል?"

"አልጠጣሁም ጓድ።"

"ወዶ የሚሄድ ሰው የለም እኮ።" ትንሽ አሰቡና ፊታቸው በራ። "ቆራጥ! እንግዲያው ያንን ነገርም ይዘህልን ሂድ። ዱቤ መጋዘኑን አልጠብቅም ብሎ አስቸግሮናል።"

ዘበኛው ዱቤ ቴሌስኮፑን ጆንያ በጆንያ ላይ ደርቦ አልብሶት አገኘሁት። ስገልጠው ዱቤ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። "ያ ወልዴ፣ ማሎ፣ ዓይኑን ወዲያ አዙርልኝ!" ብሎ ለመነኝ።

ቤት አስገብቼ ከማሽኑ ጋር ተጠቅልላ ያገኘኋትን ያችን ኮንደንሰር በየድኳት፤ ጣቴንም አብሬ በየድኩት። ሲመሻሽ ጓሮ አቁሜ ወደ አንዲት ደማቅ ኮከብ አዞርኩትና ሞተሩን ለቀቅሁት። ገፋ። አለፋት። መመለስ ጀመረ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ቱቦዋ ቀጥ። እጄ ወደ ማጥፊያው ሄደ። ሁለቱንም እጆቼን ኪሴ ከትቼ፣ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ጮኸ፣ ጮኸ... ከዚያ ቱቦዋ ተነቃነቀች። የዳቦ ሊጥ የምታህለው ኮከብ ጠበበች፣ ጠበበች፣ የጨው ቅንጣት አከለች። ሞተሩም ማንም ሳይነካው ዝም አለ። "አየሽ!" ብዬ ዞርኩ። ማንም የለም።

ጅራታሟን አላነሳኋትም፤ ፊልሙንም አልከፈትኩም። እሷ ያንቺ ናት። ግን ጊዜዋ እያጠረ ነው፤ በሚያዝያ መጨረሻ ትጠፋለች ይላል ሬዲዮ። ከሰባ ዓመት በላይ ቆይታ ዳግመኛ ስትመለስ እኔና አንቺ አንኖርም፤ ጓድ ጨመዳም ያኔ ሊቀ መንበር ላይሆኑ ይችላሉ።

ገቢሳ መልስሽን ይዞ ይመጣል። "ሁለቱም ይምጡ" ካልሽው፣ በሚቀጥለው ጭነት የቴሌስኮፑን ሳጥን ታቅፌ ማዳበሪያው ላይ ተቀምጬ እመጣለሁ። "ሳጥኑ ብቻ" ካልሽውም ሳጥኑ ብቻ ይመጣል፤ እኔ ሌላ ሰፈራ ጣቢያ እንዲመድቡኝ እለምናለሁ፣ አንቺም ፎቶሽን ታነሺያለሽ። በቃል ብቻ ንገሪው፤ ምክንያት መስጠት የለብሽም።

ብመጣ ግን አንድ ነገር እወቂልኝ። ወደ ኋላ ስዞር መጀመሪያ ላይ ጩኸቴን እንጂ አንድም የተነቃነቀ ነገር አታዪ ይሆናል። ማሎ ድርቤ፣ እንዳታጠፊኝ።

እጁን ኪሱ ከትቶ የሚጠብቅሽ፣
ወልደዮሐንስ