በኮቱ ገበር ላይ የጠለፍኩት

ይድረስ ለምሳሳልህ ታናሽ ወንድሜ፤

እንዴት ነህልኝ? ያ ጉንፋን ለቀቀህ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ጎረቤታችን ሰዓት ሠሪው ግን አልጋ ከያዘ ሁለት ወሩ፤ ሳንባው ነው አሉ። ሴት ልጁ ሥራዋን ትታ መጥታ እያስታመመችው ነው፤ እሷም ከስታ አጥንቷ ቀርቷል። ቀልዱን ግን አልተወም። ትናንት ሾርባ ይዤ ብገባ፣ «ይቺ ልብስ ሰፊ ሳንባዬን በሾርባ ልትጥፍልኝ መጣች» ብሎ አሳቀን። የራሱን ሳቅ ግን ሳል ነጠቀው።

ስልክህ መሰረቁን የጻፍክልኝ ደርሶኛል። የአባታችንን ቤት ድርሻህን የገዛው ሰውዬ መልሶ ሊሸጥልህ መስማማቱ ደስ ብሎኛል። ያንን የስልክ ገንዘብህን በአዲስ ስልክ ለመክፈት፣ «አሥራ ሁለቱን ቃላት አዘጋጂልኝ» ብለሃል። እንግዲህ ወንድሜ፣ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ድርሻህን ሸጠህ ወደ ዲጂታል ገንዘብ የለወጥከው ጊዜ፣ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጠህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? ባንክ የለው፣ አለቃ የለው፣ ዋጋውን ገበያው እንጂ ሹም አይቆርጠው፤ ቃላቱን የያዘ እሱ ባለቤት ነው፣ ማንም አይነጥቀውም አልከኝ። ታዲያ ቢጠፋብህ ለማን አቤት ትላለህ ብልህ፣ ለማንም ብለህ ሳቅክ። ያ ሳቅ ያኔም አላማረኝም።

እኔ ወረቀት አላምንም። ውሃ አለ፣ አይጥ አለ፣ የእኔ መርሳት አለ። ስለዚህ ቃላቱን የአባታችን ኮት ገበር ላይ፣ በደረቱ በኩል ከውስጥ፣ በክር ጠለፍኳቸው። የፈረንጅ ቋንቋውን ባላውቅም ፊደሉን እንደ አበባ እያየሁ ቀዳሁት። ቃላቱን የጻፍክልኝን ወረቀት እንዳዘዝከኝ አቃጠልኩ።

ከዚያ ይህ ብርድ መጣ። ሰዓት ሠሪው ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ባይ፣ ሮጬ ኮቱን አምጥቼ አለበስኩት። እጄ ቀደመኝ። ገበሩ ትዝ ያለኝ ቤቴ ገብቼ በሬን ስዘጋ ነው። ተመልሼ ብሄድ እስከ አንገቱ ቆልፎት እንቅልፍ ወስዶታል። ልጁ፣ «እትዬ፣ በስንት ጊዜው ሳይንቀጠቀጥ ተኛ» አለችኝ። ምን ልበላት? አውልቂና ስጪኝ? ባንተ ሕግ ባለቤቱ እሱ ሆኗል፤ እሱ ግን አያውቅም። ብነግረው ደግሞ ወዲያው አውልቆ ይሰጠኛል፤ እንዲያ ያለ ሰው ነው። ለዚህ ነው ያልነገርኩት።

ድርሻህን የገዛው ሰውዬ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከፈልከው ለሌላ እንደሚሸጠው አውቃለሁ። ተቆጣኝ፣ ኩረፈኝም፤ ሰዓት ሠሪው እየበረደው ግን ኮቱን አላስወልቀውም።

ይህን ጽፌ ፖስታውን ሳላሽግ ሦስት ቀን አለፈ።

ዛሬ በማለዳ ልጁ በሬን አንኳኳች። ኮቱን አጣጥፋ ይዛዋለች። ከሁሉ በፊት ይህን አድርሺ ብሎኛል አለች። ገበሩን ብገልጠው ክር የሚባል የለም። ልጁ ነገሩን ዘርዝራ ነገረችኝ። ለካ በመጀመሪያው ቀን ፊደሉን በጣቱ ዳብሶ ኖሯል። አንብቢልኝ ብሏት ሁለት ቃል እንዳነበበች፣ «በቃ፣ ይህ የሰው ምሥጢር ነው፤ ጠያቂ ይገባል ይወጣል፣ ማንም እንዳያየው» አላት። ከዚያ በዚያ በሰዓት መሥሪያ ወረንጦው ክሩን አንድ በአንድ ሲነቅል ከረመ። ቃሉ ይጠፋል ብላ ስትሰጋ፣ «አትስጊ፣ ሰፊ ናት፤ መርፌው የተወው ቀዳዳ ይበቃታል» ይላት ነበር አሉ።

ገበሩን ወደ መስኮቱ ዘርግቼ በብርሃን አየሁት። ቀዳዳው ሁሉ አለ፤ አሥራ ሁለት መስመር፣ አንድም አልጎደለ።

ቃላቱን በደብዳቤ አልጽፍልህም፤ ራስህ ና። ስትመጣ ወፈር ያለ ነገር ልበስ። መንገዱን ያቅናልህ፣ ከክፉ ይሰውርህ፣ ያባትህን ደጅ መልሶ ያስረግጥህ።

አንድ ነገር ብቻ። ልጁ ኮቱን ስትሰጠኝ ተቆጥቻት ነበር፤ ብርዱ እንዲህ ብሶ ለምን አስወለቅሽው አልኳት። መሬት መሬቱን እያየች፣ «እትዬ፣ ከእንግዲህ አይበርደውም» አለችኝ።

እህትህ