አውሮፕላን ያቋረጠው ወሬ

ውድ ዴክላን፣

እህትህ ኖራ ደውላ «በወሩ መጨረሻ አላስካ ሊሄድ ነው፤ የጀልባ ጥገና ሥራ አግኝቷል፤ የሚመለስም አይመስለኝ» አለችኝ። ስለዚህ የምጽፍልህን ሳላለሳልስ እጽፋለሁ። ማለሳለስ ድሮም አላውቅበትም።

አውሮፕላን ማረፊያው አፍንጫ ሥር ባለው ሰፈራችን፣ በዊንትሮፕ፣ ያደገ ሰው ወጉን ያውቃል። አውሮፕላን ሲመጣ አፍ ይዘጋል፣ እጅ ከፍ ይላል፤ ሲያልፍ ካቆሙበት ቃል ይቀጠላል። እናቴ አባቴን ስትሰድበው እንኳ መሀል ላይ ቆም ትልና ስድቧን ከነጣዕሙ ትጨርሰው ነበር። ያልጨረስክ አንተ ብቻ ነህ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ እናትህ ቤት በረንዳ ላይ «ሬጂና፣ እኔ እኮ ካንቺ ጋር...» አልክ። አውሮፕላኑ መጣ፤ እጅህን አነሳህ፤ አለፈ።

«እሺ፣ ምን ልትል ነበር?»

«ሾርባው ይቀዘቅዛል፣ እንግባ።»

ሾርባው ገና ከምድጃ አልወረደም ነበር። ተናደድኩ። በነጋታው ሻንጣዬን ይዤ ወደ ኦሃዮ ሄድኩ።

እዚህ የምሠራውን ነግሬህ አላውቅም። የጄት ሞተር ጩኸት እቀንሳለሁ። ከኋላ የሚወጣው ትኩስና ፈጣን ጋዝ ከውጭው አየር ጋር ሲላተም ነው ያ ሁሉ ጉርምርምታ። ስለዚህ የፊቱን ማራገቢያ እናተልቀዋለን፤ ብዙ አየር ዝግ ብሎ በዙሪያው ያልፍና ትኩሱን ጋዝ ይሸፍነዋል። የውስጡን ግድግዳ ደግሞ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ አድርገን እንሠራዋለን፤ የማራገቢያውን ድምፅ ይውጣል። የእኔ ድርሻ የኋላው ጠርዝ ነው። እንደ መጋዝ ጥርስ እናወጣለታለን፣ ሁለቱ አየሮችም በአንዴ ከመላተም ይልቅ ቀስ በቀስ ይቀላቀላሉ።

መጀመሪያ ስስት ያዘኝና ጥርሶቹን ወደ ውስጥ አብዝቼ አጎበጥኳቸው። ጉርምርምታው ቀነሰ፤ በምትኩ ቀጭን ፉጨት መጣ። ባልደረባዬ ዋልዶ ጆሮውን ይዞ «አንቺ ልጅ፣ አንበሳውን ገድለሽ ትንኝ አስነሳሽብን» አለኝ።

«ትንኟንም እገድላታለሁ፤ አንተ ቡናህን ጠጣ» አልኩት። ጥርሶቹን ትንሽ መለስ አደረግኳቸው፤ ፉጨቱ ጠፋ።

ባለፈው ሳምንት ይህ ሞተር የተገጠመለት አውሮፕላን በሰፈራችን ላይ መብረር ጀመረ። ልሰማው ብዬ ለማንም ሳልናገር ዊንትሮፕ ድረስ መጣሁ። ባሕሩ ዳር ሁለት ሽማግሌዎች ስለ ቤዝቦል ይነታረካሉ። አውሮፕላኑ ሲመጣ አንዱ እንደ ልማዱ እጁን አንስቶ ዝም አለ።

«ምን ሆንክ?» አለው ጓደኛው።

«አውሮፕላን ነዋ።»

«እየሰማሁህ ነው። ውሸትህን ቀጥል።»

አውሮፕላን ነውና ይሰማል፤ ጨርሶ ዝም አይልም። ወሬ ግን አያስቆምም። በሥራዬ ኮራሁ፣ ወዲያው ደግሞ አንተ ትዝ አልከኝና አለቀስኩ። ያን ምሽት አፍህን የዘጋው ሞተሩ ቢሆን ኖሮ ካለፈ በኋላ ትቀጥል ነበር። ፈርተህ ነው። እኔም ፈርቼ ነው ደግሜ ያልጠየቅኩህ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ የኛ ዝምታ ግን ሦስት ዓመት በላብን።

አሁን ያቋረጥከውን ቀጥል አልልህም። የራሴን እናገራለሁ። እወድሃለሁ፤ እንጋባ። አላስካ ካልክም አላስካ ይሁን፤ እዚያም አውሮፕላን ይበራል፣ ሥራ አላጣም።

ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳችሁ ላይ እቀመጣለሁ። እሺም በል እምቢ፣ እዚያው ፊት ለፊቴ በለው። ከላያችን ምንም ቢያልፍ እሰማሃለሁ።

ያንተዋ
ሬጂና