ሰዓት አልይዝብህም

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ? በደንብ ትተኛለህ ወይስ እንደ ልማድህ ኮምፒውተር ላይ እንዳፈጠጥክ ይነጋልሃል? እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለብኝም። አባትህም ደህና ነው። ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ያንቀላፋል፤ ስዘጋው ደግሞ እያየሁ ነው ብሎ ይቆጣኛል።

እሁድ ዕለት በስልክ፣ በዚያች በምትንገዳገድ አማርኛህ፣ ልጅ ሆኜ ለምን አታወሪኝም ነበር ብለህ ስትጠይቀኝ ሥራ አለብኝ ብዬ ዘጋሁት፤ ምንም ሥራ አልነበረብኝም። በእንግሊዝኛ ልመልስልህ ቃል ያጥረኛል፣ በአማርኛ ልመልስልህ አንተ አትከተለኝም። እህትህ እኔ ላስተርጉም ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። ይህንንስ በራሴ አፍ ልንገረው አልኩ። አማርኛ መማር መጀመርህን ስሰማ ደግሞ ልቤ ደፈረና ይኸው ጻፍኩልህ።

እዚህ አገር ስንገባ ገና ስምንት ዓመትህ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ትመጣና ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ትቀመጣለህ። ከዚህ ጣቃ ስንት ሽርጥ ይወጣል ስልህ ቀና እንኳ ሳትል ትነግረኛለህ፣ የሚተርፈውን ቁራጭ ጭምር። የሥራ ጓደኞቼ ሂሳብ ሹሙ ይሉህ ነበር። እኔ በሆዴ ከዓይን ያውጣው እላለሁ።

ከዚያ የሂሳብ ፈተና ተፈተንክና ወደቅክ። አወዳደቅህም ለወሬ አይመችም። አስተማሪህ አስጠራችን። ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ራሷ ወንበር ስባ ነው ያስቀመጠችኝ። ልጁ ሂሳብ ስለማይገባው ወደ ኋላ የቀሩት ክፍል ይግባ አለች፤ እህትህ ናት ያስተረጎመችልኝ። ወረቀቱን አየነው። ጥያቄው ሁሉ ወሬ ነው፤ ገበሬው በግ ሸጠ፣ ሴትዮዋ ባቡር ተሳፈረች። ቁጥሩ ወሬው ውስጥ ተደብቋል። አንተ ታዲያ ወሬውን ትተህ ቁጥሩን ለቅመህ በሙሉ ደምረኸዋል፤ በጉንም ባቡሩንም። እህትህ አንዱን ጥያቄ እዚያው በአማርኛ ነገረችህ፤ አፍታም ሳትቆይ መለስክላት። አስተማሪዋ ግን ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው አለች። ለካ እኔ የሂሳብ ፈተና መስሎኝ ነው። ይህን እንኳ አልነገርኳትም፣ ልጄ።

እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጊዜ ሰጠችን። መድኃኒቱንም ነገረችን፤ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት አለች። የተማረ ሰው ያለው ልክ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ልጄን ወደ ኋላ የሚጎትተው የኔ አፍ ከሆነ ይዘጋ አልኩ፣ ዘጋሁትም።

አባትህ ታክሲ ሲነዳ ከተሳፋሪ ጋር እያወራ አፉን ፈትቷል። የኔ እንግሊዝኛ ግን ምን ነበር? ብላ፣ ተኛ፣ ጃኬትህን ልበስ። በዚህ ከልጅ ጋር ይቀለዳል? ተረት ይወራል? ቁጣ እንኳ ቋንቋ ይፈልጋል። ከጠረጴዛው ሥር ሆነህ ስታጫውተኝ ራሴን ብቻ እነቀንቅልሃለሁ። ቀስ በቀስ መምጣቱንም ተውከው።

አንድ ቀን ከፎቁ ደረጃ ተንከባለልክ። ጉልበትህ ተልጦ ደሙ ካልሲህን አራሰው። ሮጬ ደረስኩ። እኔን ልል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። የእንግሊዝኛውን ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት ሶሪ የሚለውን ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ እግሩን ለረገጡት ሰው የሚሉትን። ቀና ብለህ አየኸኝ። አላለቀስክም። ብቻህን ተነስተህ ደረጃውን ወጣህ።

በዓመቱ መጨረሻ ፈተናውን አለፍክ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽህም። አሁንማ ተገላገልኩ ብዬ በአማርኛ ሳናግርህ በእንግሊዝኛ መለስክልኝ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ምን አለ እያልኩ እህትህን መጠየቅ ሆነ ሥራዬ።

አሁን እህትህ ስትነግረኝ እንደ አንተ ላሉት ልጆች መዝገበ ቃላት ይፈቀዳል፣ ጥያቄውን የሚያነብላቸው ሰው አለ፣ ሰዓትም ይጨመርላቸዋል። ደስ አለኝ፤ ደሜም ፈላ። ይቺን ለምታህል ነገር ነው ልጄን ያጣሁት?

ተቆጥቼህ አልነበረም። በመውደቅህም አላፈርኩብህም። እንዲያ መስሎህ ካደግክ የኔን ዝምታ ማን ይተርጉምልህ ኖሯል?

በየመስመሩ መሃል ቦታ ትቼልሃለሁ፤ የከበደህን ቃል ፍቺ ጻፍበት። መዝገበ ቃላት ግለጥ። የአማርኛ አስተማሪህንም ጠይቀው፣ በእጅ ጽሑፌ ቢስቅ ግድ የለኝም። ዓመትም ቢፈጅብህ ሰዓት አልይዝብህም። እኔን የምትለዋ ላይ ስትደርስ ግን መዝገበ ቃላቱን አትመነው፤ ለሷ እህትህን ጠይቃት።

እግርህ የረገጠው ይለምልምልህ። ደግ ሰው አያሳጣህ። የምትናገረው ሁሉ የሚገባው ሰው ይስጥህ።

ጉልበትህ ላይ ያቺ ጠባሳ አሁንም አለች?

እኔን፣ ልጄ።

እናትህ