ለካንሰር ምርመራ በቅድሚያ የሚሟላ በሽታ

ግልጽ ደብዳቤ፣ ለተከበሩ የጉበት ክሊኒክ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ ለእርስዎም ለጉበትዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ጉበቱን ታሞ የማያውቅ ሰው የጉበት ካንሰር ይይዘዋል ወይ? ይህን የጠየቀ ሰው የለም፤ ክሊኒክዎ ግን «አይይዘውም» ያለ ያህል ወረቀታችንን በማኅተም መልሶልናል።

እኔ ዘንድሮ በራጅ ባለሙያነት ተመርቄ ከእርስዎ በታች ባለው ፎቅ የተቀጠርሁ፣ ነጭ ጋወኔ ገና ሁለቴ እንኳ ያልታጠበ ጀማሪ ነኝ። ልብስ ሰፊው አጎቴ በሲቲ ስካን ሲታይ ጉበቱ ላይ ሎሚ የሚያህል እብጠት ተገኘ፤ ምስሉን ያነበቡት ሐኪምም «ነባር የጉበት በሽታ ስለሌለው በምስል ብቻ መወሰን አይቻልም፤ ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ ይመርመር» ብለው ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ስለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬ የሚከተለው ነው።

1. ናሙና የሚወሰደው የክትትል ካርድ ላለው ብቻ፣ ካርዱም የሚሰጠው የጉበት በሽታ ላለበት ብቻ መሆኑን መዝገብ ቤትዎ በትሕትና አስረድቶናል። መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቀው አጎቴ «እህቴ፣ ካርዱን ለማግኘት ስንት ዓመት መጠጣት ይጠበቅብኛል?» ብሎ ጠየቀ። ልጅቷ ሳቀች፤ ወረቀቱን ግን መለሰች።

2. የጉበት ቫይረስ እንደሌለበት ሲታወቅ «እንኳን ደስ አለዎት» ስለተባልን እናመሰግናለን። ደስታችንንም እብጠቱንም ይዘን ወደ ቤት ገባን።

3. በሦስተኛው ጊዜ የተመለስነው የደም ምርመራው የካንሰር ምልክት ስላላሳየ ነው። ያ ምርመራ ካንሰር እያለም ዝም ሊል እንደሚችል ያስተማሩኝ እርስዎ ነበሩ፤ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ። ፈተና ላይም መጥቶ ነበር፤ አግኝቼዋለሁ።

እንዲህ እያልን ሁለት ወር ሄደ። በነዚህ ሁለት ወራት አጎቴ የገዛ ሱሪዎቹን ወገብ ሦስት ጊዜ አጥብቧል። «ደንበኛ ቢጠፋ እኔ ራሴ አለሁ» እያለ ይቀልዳል፤ እኔ ግን ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ስለማውቅ አብሬው መሳቅ አልቻልሁም።

ክቡርነትዎ፣ ልመናዬ አንድ ነው፤ መስፈርቱ ይነሣና የናሙና ቀን ይቆረጥለት። በዚሁ ሰበብ ወረቀት የተመለሰባችሁ አንባቢዎችም ጻፉልኝ፤ አብረን እናመልክት።

ለጤነኛ ጉበት ያለዎትን የማይናወጥ እምነት እያደነቅሁ፣ መልስዎን ከደረጃው ሥር ቆሜ የምጠብቅ፣
የትናንት ተማሪዎ፣ የዛሬ የታች ፎቅ ጎረቤትዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቅጹን ለአራተኛ ጊዜ ሞልቼ አያይዣለሁ። «ነባር የጉበት በሽታ» በሚለው ቦታ «አይታወቅም፤ የመጣነው ለማወቅ ነው» ብያለሁ። ይህም ካልበቃ፣ አጎቴ በቅድሚያ የትኛውን በሽታ ይዞ እንዲቀርብ እንደሚፈልጉ በጽሑፍ ይግለጹልን፤ ሰውዬው ቀጠሮ አክባሪ ነው።