ረጅሙን እጅጌ የሰፋሁት እኔ ነኝ

ውድ እትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ ይይዝሽ የነበረው፣ ተሻለሽ ወይ? ጋሼስ ሳላቸው ለቀቃቸው? ልጄስ፣ ድንቡሼዬ፣ ትበላለች? የፊት ጥርሷ በቀለ ወይስ አሁንም ስትስቅ በእጇ ትሸፍናለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ውሸት ሆነብኝና ተውኩት። አካሌ ጤነኛ ነው፣ አታስቢ። ግን ከደነገጥኩ ይኸው ሦስት ሳምንቴ፣ አሁንም መቀስ ስይዝ ያው ነገር ይመጣብኛል። የምጽፍልሽ ስለ ሰው ልጅ ነው፤ መጨረሻ ላይ ስለ ራሴ ልጅ የምጠይቅሽ ስላለ እስከዚያ ታገሺኝ።

እንደምታውቂው ስፌት ቤታችን ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ናት። ሁለት መኪናና አንድ ካውያ ይዛ ሦስተኛ ሰው ከገባ አንዱ መውጣት አለበት። አለቃዬን ሰፈሩ «አቶ ሜትር» ይላቸዋል፤ መለኪያው ካንገታቸው ወርዶ አያውቅም፣ ሲተኙም የሚያወልቁት አይመስለኝም። ትምህርት ሊከፈት ሲል የደንብ ልብስ ሥራ አናታችን ላይ ይወጣል። ልጁ ሁሉ መጥቶ ይለካ ብንል አንደርስም። ስለዚህ እናቶች ያምናውን ልብስ ያመጣሉ፣ እኛ በእሱ እንለካለን፣ ለእድገት አራት ጣት እንጨምራለን፣ አለቀ። ልጁን ሳናየው ልብሱ ይሰፋል። በዚህ ፍጥነታችን እንኮራ ነበር።

ግድግዳ ተጋርተን የምንኖረውን ጎረቤቴን ከዚህ በፊት ጽፌልሻለሁ፤ የዳቦ ፋብሪካ ሠራተኛዋን፣ «ዳቦዬ» የምላትን። ሳቋ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። አምና ትኩሳት ጥሎኝ ሦስት ቀን ስተኛ ሾርባ በማንኪያ ያጠጣችኝ እሷ ናት። የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ እግርሽ ሥር ቁጭ ብትል የማታውቂያት። ዳቦዬ ታዲያ ዘንድሮ የልጅቷን አሮጌ ልብስ ይዛ መጣችና እጅጌው እስከ አንጓዋ ድረስ እንዲሆን፣ አንገቱም ዘጋ እንዲል ለመነችኝ። የዚህ ትምህርት ቤት ልብስ እጅጌው አጭር ነው፤ ሙቀቱ ያስገድዳል። እኔ ግን ልጇን ከፀሐይ የምትጠብቅ ጨዋ እናት አልኩና ተደሰትኩ። አጉል ባለሙያነቴ ተነሣብኝና ልጅቷ እየሰበሰበች እንዳታበላሸው አንጓው ላይ ሁለት ቁልፍ ደረብኩበት። መርቃኝ ሄደች።

ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ በእረፍት ሰዓት፣ ልጅቷ ብቻዋን መጣች። እጅጌው ይዞኛል አለችኝ። አራት ጣት ጨምሬ እንዴት ይጠባል ብዬ በራሴ እየተናደድኩ ሁለቱን ቁልፎች ፈታሁና ሰበሰብኩት። እትዬ፣ ክንዷ እስከ ክርኗ አብጧል። ላዩ ላይ የገመድ ሰንበር፣ አንዱ የደረቀ፣ አንዱ ገና ትኩስ፣ ተደራርቧል። ልጅቷ አላለቀሰችም። በሩን ገልመጥ አድርጋ «ቆልፊልኝ፤ ይታያል» አለችኝ።

ቁልፎቹን ሳያቸው ነው ነገሩ የገባኝ። እናቷ መታች፣ እኔ ሸፈንኩ። ያውም አሳምሬ፣ በድርብ ስፌት።

አቶ ሜትር ከመኪናቸው ሳይነሡ የሰው ቤት ገመና ነው፣ እናት ልጇን ትቀጣለች፣ እኛም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው እያሉ ሊያረጋጉኝ ሞከሩ። በስምንት ዓመት አንድ ቀን መልሼላቸው አላውቅም። ያን ቀን «ሰው ከሆንንማ ይኸው፣ መጥተው ይዩት» አልኳቸው። መጥተው አዩ። ከዚያ መለኪያውን ካንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ ረቡዕ ረቡዕ ትምህርት ቤቱ እየመጣች የተቸገሩ ቤተሰቦችን የምታነጋግር የልጆች ድጋፍ ማኅበር ሠራተኛ እንዳለች ነገሩኝ። ዕለቱ ረቡዕ መሆኑ በጀን። ልጅቷን እጇን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ።

ሠራተኛዋ አልጮኸችም፣ ልጅቷንም በጥያቄ አላጣደፈችም። አጠገቧ ቁጭ ብላ ውኃ ሰጠቻት፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ይዘናት ሄድን። ዳቦዬ ከፋብሪካው ተጠርታ ዱቄቷን ሳታራግፍ እየሮጠች መጣች። ትክዳለች ወይም አንገቴን ታንቀኛለች ብዬ ግድግዳ ተደግፌ ጠበቅኳት። እሷ ግን እግሬ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና «ግድግዳው ቀጭን ነው። አንድ ቀን ታንኳኪያለሽ ብዬ ስጠብቅሽ ነበር» አለችኝ።

ከልጅቷ ክንድ ይልቅ ይህ ቃል አፈረሰኝ ብልሽ ታምኚኛለሽ? እውነቷን ነው። ልቅሶውን እሰማ ነበር። ልጅ አይደል፣ ያለቅሳል እያልኩ ሥራዬን እቀጥል ነበር። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ሁለት ፈረቃ እየሠራች፣ ልጅቷን ከትምህርት መልስ ቆልፋባት ትሄድ ኖሯል፤ ደክሟት ስትመለስ የፈሰሰ ውኃ ወይም የተሰበረ ብርጭቆ ካገኘች ገመዱን ታነሣለች። ይህን የምነግርሽ ላጸድቃት ብዬ አይደለም። የሰባት ዓመት ልጅ ላይ ገመድ የሚያነሣ እጅ ምክንያት የለውም። ግን ከዚያ በፊት አንድ ሰው «ደክሞሻል ወይ?» ብሏት ቢሆንስ እያልኩ መግቢያ አጣሁ።

አሁን ልጅቷ አክስቷ ዘንድ ናት። እናትየዋ በሳምንት ሁለት ቀን ሠራተኛዋ ባለችበት ታያታለች፣ ምክርም ጀምራለች። ጉዳዩ በሕግ ተይዟል፤ ልጅቷ ትመለስላት አትመለስላት ገና አልተወሰነም። ዳቦዬ በሬን አልፋ ስትሄድ አትስቅም፤ እኔም እያንኳኳሁ እገባለሁ፣ አንዳንዴ ቡና አፍልቼላት እወጣለሁ።

ሠራተኛዋ በወላጆች ስብሰባ ላይ እንድናገር ጠየቀችኝ። እኔን፣ በሠርግሽ ዕለት አመስግኚ ሲሉኝ ጓዳ የተደበቅኩትን! የእናትየዋን ስም እንዳላነሣ ተስማማን፤ ወሬ ልጅቷን ደግሞ ይመታታልና። ያንኑ የሚመስል እጅጌ ከቁራጭ ጨርቅ ሰፍቼ ይዤ ቆምኩ፣ ይህን የሰፋሁት እኔ ነኝ አልኩ፣ ለምን እንደሰፋሁትም ነገርኳቸው። አንድ አባት በልጃችን ቅጣት ማን አገባችሁ ብሎ ወጣ። ሌሎቹ ግን ቀሩ። ስብሰባው ሲያልቅ ሦስት እናቶች ተራ በተራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ልጃቸውን ቆልፈው እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ፈረቃ የሚገቡ እናቶች እስኪመለሱ አንድ ክፍል ለልጆቹ ክፍት እንዲሆን ርእሰ መምህሩን ጠይቀን እሺ ብለዋል፤ ከሰኞ ጀምሮ ሁለት መምህራንና እኔ በየተራ እንቀመጣለን። ፈረቃው እንዲሻሻል ለፋብሪካው የጻፍነው ማመልከቻ ግን እስካሁን መልስ የለውም፤ ሠራተኛዋ በየሳምንቱ ትመላለሳለች፣ እኔም አብሬያት መሄድ ጀምሬያለሁ። በስፌት ቤታችንም በአሮጌ ልብስ መለካት ቀርቷል። ልጁ ራሱ ይምጣ የሚለውን ወረቀት በር ላይ የለጠፉት አቶ ሜትር ናቸው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፣ እትዬ። ባለፈው ሰኔ በጻፍሽልኝ ደብዳቤ ልጄ አስቸጋሪ ሆናለች፣ ውሸት ለምዳለች፣ ቀበቶ ቀምሳ ነው የተስተካከለችው ብለሽኝ ነበር። እኔ ምን ብዬ መለስኩልሽ? ወረቀቱ አንቺ ጋ ነው፣ ግን ቃሉ ከአእምሮዬ አይወጣም፤ «እጅሽ ይባረክ» ብዬ ነው የመለስኩት። ስቄ ነው የጻፍኩት። ልጄን አጠገብሽ አስቀምጠሽ ደብዳቤዎቼን ጮክ ብለሽ እንደምታነቢላት እያወቅኩ። ስንት ቀን ሆነኝ ያን ስታዳምጥ ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር ሳስብ።

አልከስሽም። በምን አፌ? ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፤ ልጄንም ያለ አንድ ቃል ተቀብለሽልኛል። ሸክሜን ጭኜብሽ ስሄድ ደክሞሽ እንደሆነ ግን አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም፤ አሁን እጠይቅሻለሁ። ደክሞሻል? ካቃተሽ ንገሪኝ፣ ሥራዬን ትቼም ቢሆን መጥቼ እወስዳታለሁ፤ ቅር አልሰኝም። ቀበቶውን ግን እባክሽ አታንሺባት። ስትናደጂ ጋሼን ጥሪ፣ ወይ በሩን ከፍተሽ ውጪ፣ ወይ ለእኔ ደውይ፤ በሥራ ሰዓትም ቢሆን አነሣለሁ።

ለጋሼ ሰላምታዬ ይድረሳቸው፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይውሰዱ በይልኝ። ለትልቁ ልጅሽ፣ ፈተናውን ማለፉን ሰምቼ ፈንድቄያለሁ። ትንሿ ልጅሽንም ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ለልጄ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ተይውና ይህችን አንድ መስመር ብቻ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፦ ልጄ ሆይ፣ ያን ጊዜ እናትሽ አጥፍታለች፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ታናሽሽ

ከስፌት ቤቱ፣ ጥቅምት 14 ቀን