የደሊል ልጅ አዲስ አበባ፣ የኔዋ ሞጆ

ይድረስ ከእናቴ ለማልለይዎት ለእትዬ ዘሃራ፣
ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። እትዬ፣ እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ለሰላት ጎንበስ ሲሉ አሁንም ይይዝዎታል? ስኳርዎስ ወረደልዎት? የጋሽ ኡበይደላ ሳል ቀለለላቸው? ዋፊቃ ወለደች ወይስ ገና ናት? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አዳማ ከነአቧራዋ አለች፤ ጎሚስታ ቤቴም ለዕለት ጉርሳችን አላነሰችም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩዎት ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነና ልጄ ሑስና ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። ጭነት ይዞ ወደ እናንተ የሚመጣ ሹፌር ደንበኛዬ ደብዳቤውን ያደርስልኛል።

እንደሰሙት ሑስና የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉን ማለፊያ ለጥቂት ሳተችው። የጎረቤቴ የደሊል ልጅ ሱሃይላ ግን አዲስ አበባ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ደሊልን ያውቁታል፣ ባለ አይሱዙው፤ የሑስና እናት፣ አላህ ይዘንላትና፣ ስትሞት ከለቅሶው ድንኳን ያልጠፋው። እንዲህ ባለው ሰው ነው እንግዲህ የቀናሁት። ጎማ ሊያሠሩ የሚመጡት ሹፌሮች «ጋሽ ካሚል፣ ያንተዋስ የት ደረሳት?» ይሉኛል። «እየጠበቅን ነው» እላለሁ፤ ምን እንደምንጠብቅ እኔም አላውቅም። አንድ ቀን ደሊል ራሱ የልጁን አዲስ ሻንጣ እየጎተተ መጣና «አንዱ ጎማ አልዞር አለ፤ ጎሚስታ ከሆንክ እስቲ ይሄንንም ነፋ አድርግልኝ» ብሎ ሳቀ። ሠራሁለት። ሻንጣው ራሱ ግን የሚስቅብኝ መሰለኝ።

ልጅቷ ልትሄድ ስትል ደሊል ቤት ዱዓ ተደረገ፤ ሰፈሩ ሁሉ ተጠራ። ደሊል «ዱዓውን ካሚል ያድርግልን፣ የሱ ምላስ ቀና ነው» አለ። እጄን ዘረጋሁና «ያ አላህ፣ ልጃችንን ሑስናን በሰላም አድርስልን፣ ዩኒቨርሲቲውን የኸይር አድርግላት» አልኩ። ሰዉም በልማድ «አሚን!» አለ። ምን እንዳልኩ ያወቅሁት ሰዉ እርስ በርሱ ሲተያይ ነው። ደሊል ሳቀና «አሚን ብለናል እንግዲህ፣ የኔዋ በእግሯ ትሂዳ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሑስና ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ሰምታ ኖሯል።

በማግስቱ ሲነጋጋ «አባዬ፣ ሞጆ አብረኸኝ ትሄዳለህ?» አለችኝ። እዚያ የጭነትና የጉምሩክ ሥራ የሚያስተምር ትንሽ የግል ኮሌጅ አለ፤ ደረቅ ወደቡም ቅርብ ነው። እኔ «ዓመት ጠብቀሽ ድጋሚ ተፈተኚ» ስላት ነበር የከረምኩት፤ እርስዎም በስልክ ያሉኝ ይህንኑ ነው። ልቧን ላለመስበር ሄድኩ። እትዬ፣ ኮሌጁ ማለት ከመለዋወጫ ሱቅ በላይ ያለ ፎቅ ነው። ግቢ የለው፣ ዛፍ የለው። የሱሃይላን ዩኒቨርሲቲ ትልቅ በር፣ ደሊል በስልኩ እየዞረ ለሰፈሩ ያሳየውን፣ አሰብኩና እንመለስ ልላት አማረኝ።

እሷ ግን ወደ ቢሮው አልገባችም። ደረጃው ላይ ከተቀመጡት ተማሪዎች ጎን ቁጭ ብላ ትጠይቃቸው ጀመር፤ መምህር ይገባል ወይ፣ ወደቡን በዓይናችሁ አይታችኋል ወይ፣ የጨረሱት የት ገቡ። ሶረቲ የምትባል ልጅ «ውሸት አልነግርሽም፣ መምህር አንዳንዴ ይቀራል። ወደብ ግን ያስገቡናል። እህቴ እዚሁ ጨርሳ ትራንዚት ቢሮ ገብታለች፤ ጓደኛዋ ግን እስካሁን ቤቷ ናት» አለቻት። ሑስና ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ ነው ቢሮ ገብታ የትምህርት ፈቃዱን አሳዩኝ ያለችው። አሳዩዋት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ የጠየቀኝም የለ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ «ድጋሚ ብፈተን ለማን ብዬ ነው?» አለችኝ። «ለራስሽ ነዋ» አልኳት። «ሱሃይላ ጓደኛዬ ናት። አንተን ነው ያሸነፈችህ እንጂ እኔን አላሸነፈችኝም» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ ተሳፋሪ እንዳይሰማ።

ያን ቀን ከመግሪብ በኋላ ከሰጋጃው ሳልነሳ ቆየሁ። ልጄን ዓመት ሙሉ ቤት ላስቀምጣት የነበረው ለእሷ ነው ወይስ ደሊል ፊት አንገቴን እንዳልደፋ? ራሴን መረመርኩ፤ ያገኘሁት ነገር አላማረኝም። ኮሌጁ ይበቃታል አይበቃትም፣ አላህ ያውቃል። እሷ ግን ክፉውንም ደጉንም ጠይቃ መርጣለች፤ እኔ የጠየቅሁት ሰው ምን ይለኛል ብቻ ነበር። ሰኞ ተመዘገበች። ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽዎትም፤ የደሊል አይሱዙ በደጄ ሲያልፍ አሁንም ፊቴን ወደ ጎማዬ አዞራለሁ። ብቻ ለልጄ አላወርሰውም።

ጋሽ ኡበይደላን እጃቸውን ሳሙልኝ። ለዋፊቃ አላህ በሰላም ይገላግልሽ በሉልኝ። ሰዓድን ባጃጁን ቀስ ብሎ ይንዳ ብላችሁ ንገሩልኝ። ሑስና ሁላችሁንም ሰላም ብላለች። እርስዎም እትዬ፣ አውቅዎታለሁ፣ ለእኔ ክብር ብለው ነው፤ ሰው ሲጠይቅዎት ግን «የወንድሜ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባች» እንዳይሉብኝ። «ሞጆ፣ ከሱቅ በላይ ያለ ኮሌጅ ትማራለች» ይበሉልኝ። እኔም እዚህ ለሹፌሮቹ እንዲህ ማለት ጀምሬያለሁ።

ወንድምዎ ካሚል
አዳማ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.